ገና ያልያዘ ቆዳ

መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ የኣስካልን እጅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከሌላ አገር የመጣ ነው ወይ ገና አልተወለደም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእነዚያ እጆች አልፏል። አራስ ቤት ትገባለች፣ ለጋ ቅቤ በመዳፏ ታሟሙቃለች፣ ሕፃኑን እግሯ ላይ አጋድማ ታሸዋለች። ቀኝ እጁን ከግራ እግሩ ታገናኛለች፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ትወርድበታለች፣ ጭንቅላቱን ታቃናለች። ጠፍጣፋ አፍንጫ ካየችማ ያናድዳታል፤ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋ ልታወጣው ትታገላለች። ወጣቶቹ ሐኪሞች አፍንጫ በመቆንጠጥ አይወጣም ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም፣ ኣስካልም አትሰማቸውም። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ ቅቤ ሲታጣ በኑግ ዘይት፣ ዘይቱም ሲያልቅ በባዶ መዳፍ አሽታለች። ስለዚህ ትንሽ ኩራት ቢኖርባት አይፈረድባትም። ትንሽ ያልኩትም ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

የሓፍቶም ሚስት ሳሊና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ኣስካል እንደ ደንቡ ተጠራች። ሓፍቶም የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት ነው፤ እሱንም በጊዜው ያሸችው እሷው ናት። ሳሊና በአባቷ የመቐለ፣ በእናቷ የቆቦ ልጅ ናት። እናቷ አያልነሽ ልጇን ልታርስ ከቆቦ መጥታ እቤት ሰንብታለች። አያልነሽ ትግርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የሚወራው በአማርኛ ነበር፣ ኣስካልም የምትችለውን ያህል ትከተላለች።

ሕፃኗ ሴት ናት፤ ፍሬወይኒ ብለዋታል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ላጥ ያለች ትንሽ ቦታ ነበረች።

«የታሰረላት ላስቲክ ፈግፍጓት ነው» አለች አያልነሽ።

ኣስካል አየት አደረገችና ናቀችው። የላጠ ቆዳ ብዙ አይታለች። ደርቋል፣ ቅቤ ጠምቶታል፤ መድኃኒቱ ተጨማሪ ቅቤና ጠንከር ያለ እጅ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህ አሠራር አሳፍሯት አያውቅም። ሕፃኗን በደረቷ አስተኝታ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በአውራ ጣቷ ወረደችባት። ሕፃኗ ጮኸች። ሕፃን ሲታሽ ይጮሃል፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ደግማ ወረደችባት። ያን ጊዜ ቆዳው አብሯት ሄደ።

እንደ ሽንኩርት ልባስ ከጣቷ ሥር ተንሸራቶ ተጨማደደ፤ ከሥሩ ቀይ እርጥብ ሥጋ ብቅ አለ። ኣስካል ያየችውን ማመን አቅቷት እጇን እዚያው እንዳሳረፈች ቀረች።

«ልጄን ገፈፈቻት!» ብላ ጮኸች አያልነሽ። «አንቺ ሴትዮ፣ የፈላ ቅቤ ነው እንዴ የቀባሻት? አቃጠልሻት እኮ!»

«ኣይፋል፣ ሓፍተይ! አይደለም እህቴ፣ ለብ ያለ ነው፣ እዪው... እጄን ንኪው...»

ማን ይንካላት? ሳሊና ልጇን ነጥቃ ታለቅሳለች፣ አያልነሽ ደረቷን ትደቃለች፣ ሓፍቶም ከነቱታው ከወርክሾፑ ሮጦ መጥቶ ባጃጅ ያስቆማል። ሁሉም ሆስፒታል ሄዱ። ኣስካል ቅቤ በቅቤ የሆነ እጇን ይዛ ሰው በሌለበት ቤት ብቻዋን ቀረች፤ ቁጭ በይ ያላት የለም፣ ሂጂም ያላት የለም።

ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። አንዷ የፈላ ቅቤ ነው አለች፤ ሌላዋ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል አለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ነገሩን ወደ መንፈስ ወሰደችው። ልትወልድ የደረሰች አንዲት ጎረቤት፣ እናቴ እንደ ማለት፣ «ኣደይ ኣስካል እንዳይቸገሩ፣ እህቴ ከዓዲግራት ትመጣለች» ብላ ላከችባት። ይህን ያህል ጨዋ ስድብ ኣስካል በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ከሰው ወሬ ይልቅ የጎዳት ግን እሷም ማመን መጀመሯ ነው። በመስኮቱ ብርሃን መዳፏን ታገላብጣለች። አውራ ጣቷን በገዛ ጉንጯ ላይ እየፈተገች ሻካራ ይሆን እንዴ እያለች ትመረምራለች። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ድረስ ቆረጠች። ባሏም አንድ ልጇም ካረፉ ወዲህ የሰው ቤት በክብር የምትገባው በእነዚህ እጆች ነበር፤ ሰው ልጁን ሰጥቷት፣ እሷም አሳምራ መልሳ፣ ተመርቃ ትወጣለች። አሁን ያቺ ልጅ ብትሞት የገደለቻት እሷ ናት። ይህን እያሰበች እህል አልወርድ አላት። ዳግመኛ ሕፃን ላልነካ ብላ ለራሷ ማለች።

አንድ ጠዋት ሓፍቶም ደጇ ላይ ቆመ።

«ኣደይ ኣስካል፣ ሐኪሟ ያሸቻት ሴት ትምጣ ብላለች።»

«ልትከሰኝ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሓፍቶም፤ መዋሸት አይሆንለትም። ከዚያ ቀጠለና «ግን አሁን አፏ ውስጥም ቆስሏል። አፏን ደግሞ እርስዎ አልነኩትም» አለ።

የቆዳ ሐኪሟ ጣይባ ትባላለች። አባቷ ከወሎ መጥቶ መቐለ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ወሎኛውንም ትግርኛውንም እንደ ሰዉ ሁኔታ ታወጣዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሳሊናና አያልነሽ ነበሩ። አያልነሽ ኣስካል ከሓፍቶም ጋር ስትገባ ፊቷን አዞረች። ዶክተር ጣይባ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ኣስካልን አስቀመጠቻትና ልጅቷን የሸፈነውን ጨርቅ ቀስ ብላ ገለጠችው።

ኣስካል ከሁሉ በፊት ያየችው ብብቷን ነው። በሁለቱም ብብቶች ሥር አዲስ የቋጠረ ውኃ አለ፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አራት ሆኖ ተሰልፏል። የጣት ቅርጽ ነው። ሕፃን በብብቱ ይዞ ብድግ የሚያደርግ ሰው ጣት። ሳሊና ከወለደች ጀምሮ ወገቧን እያመማት ልጇን የምታነሣላት እናቷ መሆኗን ኣስካል ታውቃለች። አያልነሽም አየች፤ ሁለት እጇን ቀስ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይህኛው ከምን መጣ?» አለች ዶክተሯ።

ኣስካል ምላሷ ላይ የመጣውን ታውቀዋለች። የሰፈሩን ሁሉ አፍ የምትዘጋላት፣ ስሟን የምትመልስላት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ያንቺ ነው» ማለት ብቻ። አያልነሽን አየቻት። ዓይኗን ከልጅቷ ብብት ማንሣት አቅቷታል። እንደዚያ ያለ ፊት ኣስካል ሰሞኑን በገዛ መስታወቷ ውስጥ ስታየው ሰንብታለች።

«ዶክተር፣ ሕፃን ሲነሣ እንዲህ ነው የሚያዘው» አለች። «እኔም የማነሣው እንዲህ ነው። እናቷም፣ ነርሷም፣ ሰው ሁሉ።»

አያልነሽ ቀና ብላ አየቻት።

ዶክተር ጣይባ ከጠረጴዛዋ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ አነሣች። በላጲሱ ጫፍ የልጅቷን ጭን፣ ጤነኛ የሚመስለውን ቦታ፣ ቀስ አድርጋ እያዞረች ፈተገችው። እንደዚያ ያለው መፈተግ ሳይሆን መዳበስ ነው የሚባለው። ከዚያ ልጅቷን ሳሊና እያጠባቻት ጠበቁ። ጡቷን ሳትጨርስ ላጲሱ ያረፈበት ቦታ እርጥብ እርጥብ አለና ውኃ ቋጠረ።

«አያችሁ?» አለች። «ላጲስ ምን አጠፋ? ቅቤም አልፈላም፣ የማንም እጅ አልከፋም። ቆዳችን ሁለት ንብርብር ነው፣ ላይኛውና ታችኛው። በመካከላቸው የሚያያይዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ በአንድ ጫፋቸው የላይኛውን ሕዋስ፣ በሌላው ጫፋቸው የታችኛውን ወለል ጨብጠው ይይዛሉ። ፍሬወይኒ ከእነዚህ አንዱ ጎድሎባታል፣ ወይም ደክሞባታል። የትኛው እንደሆነ ምርመራው ሲመጣ እናውቃለን። ቆዳዋ አለ፤ ግን የሚይዘው የለም።»

«ከማን መጣባት?» አለ ሓፍቶም።

«ከሁለታችሁም እኩል። እናንተ እያንዳንዳችሁ አንድ ጉድለት ይዛችሁ በሌላው ጤነኛ ቅጂ ትኖራላችሁ፣ አይታወቃችሁም። እሷ ግን ሁለቱን ጉድለት ወረሰች። ገና ስትጸነስ ነው የተወሰነው።»

ኣስካል ወንበሯን ወደ ዶክተሯ ሳብ አደረገች። «እንግዲያ እኔ አልገደልኳትም?»

«አልሞተችም እኮ፣ እናቴ» አለች ጣይባ፤ ሳቋንም እንባዋንም እየዋጠች። «አላቃጠሏትም። ማሸትዎ አልጎዳትም ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ጎድቷታል። ሌላ ልጅ ብትሆን ምንም ባልሆነች ነበር። አሁን የምፈልገው ወቀሳ አይደለም፣ እጅ ነው። ቁስሏ በየጊዜው ተሸፍኖ፣ ውኃ የቋጠረው በንጹሕ መርፌ ተበስቶ፣ ፋሻው መቀየር አለበት። ሳሊና ብቻዋን አትችለውም።»

«እኔ ሕፃን ላልነካ ምያለሁ።»

ሳሊና ልጇን እንዳቀፈች እንባዋ ጡቷ ላይ ይወርዳል። «ኣደይ ኣስካል፣ ሌላ ማንን ልጥራ? ሁሉም ይፈራታል። እኔ ራሴ እፈራታለሁ።»

ኣስካል በልጅቷ ላይ የተገለጠውን ጨርቅ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ «ሕራይ ጓለይ፣ እሺ ልጄ» አለች። መሐላዋን እዚያው ክፍል ውስጥ ትታው ወጣች።

መማሩ ግን ከባድ ነበር። የኣስካል እጅ ዕድሜ ልኩን መጫን የለመደ ነው፤ አእምሮዋ ተይ ሲል አውራ ጣቷ በራሱ ይወርዳል። ወተት አፍልታ ታቀዘቅዝና ስልባቦቱን ሳይቀደድ በመዳፏ ለማውጣት ትሞክር ጀመር። ይቀደድባታል፣ ትረግመዋለች፣ ደግማ ታፈላለች። ሓፍቶም አንድ ቀን ሲያገኛት ሳቀ፤ እሷም ተናዳ የተበላሸውን ወተት በግድ አጠጣችው። ቀስ በቀስ ግን አልቀደድ አለ። ልጅቷን በብብቷ ሳይሆን ከነለስላሳ ፍራሿ፣ አንዱን መዳፍ ከመቀመጫዋ፣ ሌላውን ከራሷ ሥር አድርጋ ማንሣት ለመደች። ልብሷን ሁሉ ገልብጣ ስፌቱን ወደ ውጭ አለበሰቻት። ለጥየቃ የመጡ ሴቶች «ውይ፣ ልብሷ ተገልብጧል» እያሉ ሊያቃኑላት ሲነሡ፣ «ተዉልኝ፣ የኛ ልጅ ፋሽኗ ነው» ትላቸዋለች።

ለቀጠሮ በሄዱ ቁጥር ኣስካል ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች። አንዱ ጥያቄዋ፣ ፋሻው ለምን እንደዚያ በቫዝሊን ተነክሮ፣ ለምን እንደዚያ ሳይነካ እንደሚቆይ ነበር። እሷ እስከምታውቀው ቁስል የሚድነው ሲደርቅ ነው።

«ሕዋስ በባዶ ሜዳ አያድግም፣ እናቴ» አለቻት ዶክተር ጣይባ። «መጀመሪያ የሚይዘው ወለል ይፈልጋል። ወለሉን ሲጨብጥ፣ እነዚያ የሚያያይዙት ፕሮቲኖች ወደ ውስጡ መልእክት ይልኩለታል። ቦታህን አግኝተሃል፣ አሁን ተባዛ ይሉታል። ጎረቤቱንም ይይዛል፤ ተያይዘው ከቁስሉ ዳርና ዳር ወደ መሐል ይጓዛሉ፣ ሲገናኙ ያቆማሉ። ከወለሉ ካላቀቅነው ግን መልእክቱ ይቋረጥና ይሞታል። የደረቀ ፋሻ በነቀልን ቁጥር የምንነቅለው ገና መያዝ የጀመረውን ነው።»

ኣስካል ይህን ነገር ሰምታ ወደ ቤቷ ሄደች። አውራ ጣቷ ስንት ጊዜ እንደወረደ እያሰበች ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ረፋድ ስትመጣ ልጅቷን በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘቻት። ፋሻው የለም። ሳሊና እንቅልፍ ወስዷታል፤ አያልነሽ ፋሻውን ፈትታ፣ የደረቀበትን ነቅላ፣ «እስቲ ነፋስ ያግኘው፣ ታፍኖ ሊከረፋ ነው» ብላ እያራገበችላት ነበር። ሊገጥም ጥቂት የቀረው የጀርባዋ ቁስል እንደገና ቀልቷል።

ኣስካል በሕይወቷ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም። ያለችውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ግማሹ በትግርኛ ነው፣ ግማሹም አይጻፍም። ልጅቷን ሸፍና፣ አስተካክላ፣ ከተነፈሰች በኋላ ነው ወደ አያልነሽ የዞረችው።

«ያ ቆዳ ገና መሬቱን ሊይዝ ነበር፣ ሓፍተይ» አለች። «ከያዘ ነው የሚበዛ። ካልያዘ ኣያድግም፣ ይሞታል። ዶክተር እንዲህ ብላኛለች። ነፋስ አይደለም የሚፈልገው፤ ዝም ብሎ የሚተወው ሰው ነው የሚፈልገው።»

አያልነሽ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። «የብብቷም የኔ ጣት ነበር» አለች። «ያን ቀን ዝም አልሽልኝ። አቃጠልሻት ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

«ተይው አሁን።»

«እንዴት ልተወው? ከቆቦ መጥቼ ሁለቴ ገፈፍኳት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያልነሽ ልጅቷን አልነካችም። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ፋሻውን ቆርጣ ታቀብላለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ ግን በሩ ላይ ቆማ «ኣስካል! ሳሊና!» ብላ ትጣራለች። ሳሊና «እማዬ፣ ያዣት እንጂ» ስትላት ወጥ አለብኝ ትላለች። ያ ቤት የዚያን ሰሞን ያላየው የወጥ ዓይነት የለም።

በዚህ መሐል ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጣ። ፕሮቲኑ ጨርሶ የጠፋ አይደለም፤ ይሠራል፣ ግን ደካማ ነው። ዶክተር ጣይባ ለማጽናናት ብላ አልቀባባችውም። ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት በእጄ የለም አለች፤ ቆዳዋ ዕድሜዋን ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል አለች። ከዚያ ግን «ከክፉው ዓይነት አይደለም» አለች። «ትሄዳለች፣ ትናገራለች፣ ትምህርት ቤት ትገባለች። ተረከዟ ላይ ጥሩ ካልሲ አድርጉላት።» ሓፍቶም ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ኣስካል ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ እሱን እንኳ መጫን ትችላለች።

ቀጥሎ የመጣው የክርስትናው ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፣ ይህ አይታለፍም። ግን ጥምቀት ማለት መንከር ነው፣ መያዝ ነው፣ ቅብዐ ሜሮን ማሸት ነው፣ አንገት ላይ ማዕተብ ማሰር ነው። ኣስካል ራሷ ወደ ቄስ ሃይለማርያም ሄዳ የልጅቷን ነገር ዘርዝራ ነገረቻቸው። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ «በሽተኛ ልጅ ላይ ማፍሰስ ይበቃል፤ ሜሮኑንም አላሽም፣ ጠብ አደርገዋለሁ። ማዕተቧን ደግሞ ሰፋ አድርጌ በልብሷ ላይ አውለዋለሁ» አሏት። «ክርስትና እናቷ ማን ናት?»

ይህን ኣስካል አላሰበችበትም ነበር። ሳሊናን ስትጠይቃት፣ ሳሊና እንደ ሞኝ ጥያቄ ቆጠረችባት። «ማን ልትሆን? እርስዎ ነዎት እንጂ።»

በዚያ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብርድ ነበር። የሓድነት ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰብስበዋል፤ ኣስካልን ሰሞኑን ሲሸሿት የነበሩትም ጭምር። ዓይናቸው ሁሉ እጇ ላይ ነበር። እሷ ግን ዓይናቸውን ረስታዋለች። ከሳሊና ልጅቷን ስትቀበል ጣቶቿ አልተጨበጡም፣ አልጎተቱም፤ ሁለት መዳፎቿ ከሥር ተዘርግተው ልጅቷ በላያቸው ላይ አረፈች። ውኃው ፈሰሰ፤ ፍሬወይኒ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች። ቆዳዋ እንዳለ ነበር። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሌሎቹም ተቀበሏት።

አያልነሽ ከሁሉም ራቅ ብላ በአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። ነገ ወደ ቆቦ ትመለሳለች። ኣስካል ልጅቷን ለስላሳ ፍራሿ ላይ አድርጋ ይዛ በሴቶቹ መሐል አልፋ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ያዢያት» አለች።

«ኧረ በማርያም! ይህ እጄ...»

«የኔስ እጅ?»

«አንቺ ተምረሻል። እኔ ጠባሳ ጥዬባት ልሄድ ነው እንዴ? ሩቅ ሆኜ ባያት ይሻለኛል።»

«ሩቅ ሆኖ የሚያያትማ ሰፈሩ ሁሉ ሞልቶላታል» አለች ኣስካል። «አያቷ አንቺ ነሽ። በይ እጅሽን አውጪ። ኣይፋል፣ እንዲያ አይደለም፣ አትጨብጪ። መዳፍሽን ወደ ሰማይ ገልብጪው። አንዱን ከራሷ፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር። አትሳቢያት፤ እሷ ራሷ ትመጣልሻለች።»

አያልነሽ እጇን አወጣች። ይንቀጠቀጥ ነበር። ኣስካል የልጅቷን ፍራሽ በአያቷ መዳፎች ላይ አሳረፈችና የራሷን እጆች ከአያልነሽ እጆች ሥር አድርጋ ደገፈቻቸው። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ፊት ለፊት ቆሙ። መንቀጥቀጡ መጀመሪያ ለኣስካል በመዳፎቿ ተሰማት፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አያቷን አየቻት።

«አያልነሽ ነኝ» አለች አያልነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚተዋወቅ ሰው፤ እንባዋ አፍንጫዋ ላይ እየወረደ። «አያትሽ ነኝ፣ የኔ እናት።»

ቆየችና ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል «ኣስካል፣ እጅሽ ከሥር አለ አይደል? እንዳትለቂኝ» አለች።

«አለ፣ ሓፍተይ» አለች ኣስካል፣ ቀደም ብላ ከሥር ያወጣቻቸውን ሁለት ባዶ እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ።